የዕድሩ መዝገብና ዐሥራ ሦስተኛው ወር



በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው በሚሰበሰቡባት በዚህች በእንጅባራ ከተማ፣ በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር ጋብዛችሁኛል። የጥሪው ደብዳቤ «ስለ ወጣቱ ፕሮግራመር የዕለት ኑሮና አዳዲስ የሥራ መሣሪያዎችን ስለሚማርበት መንገድ ይንገሩን» የሚል ነበረና፣ ነገሩ ከባሕር ማዶ በተሰማ ወሬ ከሚተረክ ይልቅ ከዚሁ ከአዊ ምድር በተገኘ ምሳሌ ቢገለጥ ይሻላል ብዬ ስላሰብሁ፣ ዳንግላ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ በዚህ ከተማ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል እየሠራ የሚኖር፣ እኔም በቅርብ የማውቀው አንድ ወጣት ያየውንና የደረሰበትን ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ስሙን እንዳልጠራው ስለ ለመነኝ አልጠራውም።

ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። አዲስ መሣሪያ በእጅ የሚገባው፣ ያን መሣሪያ የግድ የሚጠይቅ ጉዳይ አስቀድሞ በቤት ውስጥ ሲገኝ ነው እላለሁ። ይህን ቃል ዛሬ ደጋግሜ እናገረዋለሁ፤ ደጋግሞ ሊነገር የሚገባው ነውና። መጀመሪያ ስለ ወጣቱ ውሎ፣ ቀጥዬ ስለ መሣሪያዎቹ ብዛት፣ ከዚያም ረዘም አድርጌ ስለ አንድ የዕድር መዝገብ፣ በመጨረሻም ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበረበት ጊዜና ዛሬ ሁሉ ስለሚጠይቀው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እናገራለሁ።

ስለ ውሎው ልጀምር። የዚህ ወጣት ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ የሌሊቱ የዳታ ጥቅል ከቀኑ ይረክሳልና፣ ከተማው በውርጭ ተሸፍኖ ውሻ እንኳ ድምፁን ባጠፋበት ሰዓት ጋቢውን ተከናንቦ ይነሣና፣ ስልኩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አኑሮ ሆትስፖቱን ይከፍታል፤ ቀን የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ ማለት የሚያነበውን ሰነድ፣ የሚመለከተውን ትምህርት፣ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን ላይብረሪዎች አውርዶ ያከማቻል። ስልኩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ የሚያኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጠረጴዛው ላይ ሲሆን ሁለት መስመር ብቻ የሚያሳየው ምልክት ከዚያ ሲደርስ አራት መስመር ይሞላልና። ጎሕ ሲቀድና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማ ዳታውን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ የሚሠራው ሌሊት በሰበሰበው ስንቅ ነው።

ላፕቶፑ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ ነው። ባትሪው መብራት ከሄደ በኋላ 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ ወጣቱ ለራሱ አንድ ሥርዓት ሠርቷል፤ መብራት በሄደ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የጀመረውን ሥራ ያስቀምጣል፤ የቀሩትን ደቂቃዎች የግድ በማሽኑ ላይ መሠራት ላለበት ነገር ብቻ ያውላቸዋል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ደግሞ ደብተሩን ከፍቶ በእርሳስ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ አልፈታ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚፈታለት በዚያ በእርሳሱ ሰዓት መሆኑን ነግሮኛል፤ ደብተሩንም አይቼዋለሁ፤ ቀስትና ሣጥን፣ የተሰረዘ መስመር፣ ከኅዳጉ ላይ የተጻፈ «ነገ ይህን ሞክር» የሚል ቃል የሞላበት ደብተር ነው።

ዳንግላ ያሉት እናቱ ማታ ማታ ይደውሉና «በልተሃል ወይ? ያን ነገር አጥፍተህ ተኛ እንጂ ልጄ» ይሉታል። አራሹ ያረሰውን እርሻ፣ ሸማኔው የሸመነውን ሸማ ለእናቱ ሊያሳይ ይችላል፤ የፕሮግራመር ሥራ ግን ደኅና ሲሠራ ለዐይን አይታይም፤ የሚታየው የተበላሸ ቀን ነው። ይህ ወጣት ስለ ኑሮው ሲያጫውተኝ ከመብራቱ መሄድና ከዳታው ዋጋ ይልቅ ልቡን ያከበደው ይህ እንደ ነበረ ከድምፁ ተረድቻለሁ። ስለዚህ እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሌሊቱን ከዚያ ብርሃን ፊት ተቀምጦ ቢያድር «ምን ትሠራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሊያስረዳችሁ ሲሞክር እሱም ሥራውን ይበልጥ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ነገሬ የመሣሪያዎቹ ብዛት ነው። በዚህ ሙያ መሣሪያ እንደ ማረሻ ከአባት ወደ ልጅ አይወረስም። ጃቫስክሪፕት የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያ ቅርጹን በ10 ቀን አገኘ፤ የድረ ገጽ መሥሪያው ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፤ የስልክ መተግበሪያ መሥሪያው ፍላተር እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የመጀመሪያውን ሙሉ እትሙን አወጣ፤ እነዚህንም ሌሎች ተከተሏቸው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ መንግሥታችን ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮችን በሦስት ዓመት ለማሠልጠን መርሐ ግብር ስለ ከፈተ፣ በየከተማው ያለ ወጣት ሁሉ የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት በር ተከፍቷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ወጣታችን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሆነውን ስሙ፤ ዛሬ አንዱን መሣሪያ ይጀምራል፣ በወሩ «ያ አርጅቷል» የሚል ወሬ ሰምቶ ወደ ሌላው ይዞራል፤ የአምስት መሣሪያ መግቢያ ያውቃል፣ በአንዱም ግን ለሰው የሚጠቅም ሥራ አልሠራም።

እናንተ የጎጃምን ቅኔ ቤት የምታውቁ አባቶች ይህን ሕመም ታውቁታላችሁ። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ሆኖም ተማሪው እሷን አሳክቶ መሙላት ሳይችል ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ልዝረፍ ቢል፣ መምህሩ ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል። ደግሞም የቅኔ ተማሪ ቀን በየጥሻው ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የሚታረመውን ያርሙለታል። ይህ ነገራ የሚባለው ሥርዓት ከትምህርቱ ሁሉ ዋነኛው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የእኛን ወጣት የጎደለው ይህ ነበር፤ ቪዲዮ ያያል፣ የሚያርመው መምህር ግን የለም፤ መምህር ቢያገኝም የሚነግረው ቅኔ አልነበረውም።

ከገበሬውም አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያላችሁ ሰዎች ዲከረንስ የምትሉትን የአውስትራሊያ ዛፍ እንዴት ተቀበላችሁት? መሬቱ አሲድ በዝቶበት፣ እህሉ አልሰጥ ስላለ፣ ገበሬው ከእርሻው ጥግ ተክሎ አየው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፉን ዘራ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ቈርጦ ከሰል አክስሎ ሸጠ፤ በዛፉ ሥር ያረፈውንም መሬት መልሶ አረሰ። ዛፉን የተማረው ስለ ዛፉ ተሰብኮለት አልነበረም፤ የታመመ መሬት ነበረው። መሣሪያ በእጅ የሚገባው ጉዳዩ በቤት ሲገኝ ነው ያልሁት ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ነገሬ እመጣለሁ። ለዚህ ወጣት የታመመው መሬት የዕድር መዝገብ ሆኖ ተገኘ።

አጎቱ ገንዘብ ያዥ የሆኑበት አንድ ዕድር መዝገቡን በደብተር ይይዝ ነበር፤ ደብተሩም ከዓመታት ብዛት ጠርዙ ተበልቶ፣ ገጹ ዝናብ ነክቶት፣ መዋጮውና መቀጫው ተምታቶ ስለ ነበረ፣ ወጣቱ «ጋሼ፣ እኔ በኮምፒዩተር ልሥራልዎት» ብሎ ተነሣ። በሁለት ሳምንት ሠራው። አባላቱ ተመዘገቡ፣ የወር መዋጮ ገባ፣ በቴሌብር የሚልኩትም ተለይተው ተጻፉ፤ ዳኛውም ጸሓፊውም ደስ አላቸው። ይህ የሆነው በግንቦት ነበር።

ጳጉሜ 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ እየዘነበ አጎትየው መዋጮ ሊቀበሉ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ከፋይ ሊያስገቡ ሲሉ ማሽኑ ወሩን አልቀበልም አለ። ወጣቱ ለቀን መቍጠሪያ የተጠቀመበት የተዘጋጀ ላይብረሪ በፈረንጅ ልማድ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ከዐሥራ ሁለት በላይ ወር መኖሩን አያውቅም። አጎትየው ሰው በዝናብ ቆሞ ሲጠብቃቸው ምን ያድርጉ? ሁሉንም «መስከረም 1» ብለው አስገቡት። በዚህ ምክንያት የአሮጌው ዓመት ክፍያ ወደ አዲሱ ዓመት ተሻገረና፣ ግዴታቸውን በጊዜው የፈጸሙ ሰዎች በመስከረሙ ስብሰባ ስማቸው ካልከፈሉት ጋር ተነበበ። በዕድር ውስጥ ስም እንዲህ ሆኖ መነበብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ወጣቱ ስብሰባው ላይ ነበረ፤ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

በማግሥቱ የሠራው ነገር ግን የሕይወቱ መለወጫ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሌላ የተዘጋጀ ላይብረሪ ፈልጎ በመተካት ፈንታ፣ ዘመን አቈጣጠሩን ከሥሩ ሊያውቅ ቈረጠና በሕፃንነቱ ፊደል ወዳስቆጠሩት መሪጌታ ዘንድ ሄደ። «የኔታ፣ ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው መቼ መቼ ነው?» አላቸው። እሳቸውም ጣታቸውን ዘርግተው፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምር፣ ለአራት ግደፈው፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ቢያልቅ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው አሉት። ወጣቱ በደብተሩ ሠራው፤ 2015 ላይ 5500 ሲጨመር 7515 ይሆናል፣ ለአራት ሲገደፍ ሦስት ይተርፋል፤ በእርግጥም በ2015 ጳጉሜ ስድስት ነበረች። ቀጥሎ የምትመጣው በ2019 ናት።

መሪጌታው በዚህ አላበቁም፤ ተማሪ ተገኝቶ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለት የበዓላትና የአጽዋማትን አቈጣጠር፣ ሲጠየቁ ከዚህ ላይ ያቆማሉ ተብሎ አይታሰብም። የ2018ን ፋሲካ አስቈጠሩት። 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው፤ ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱን አትት፣ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ19 አባዛው፣ 228 ይሆናል፣ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ወንበሩን በ11 አባዛው፣ 132 ይሆናል፣ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ከዚህ በኋላ የኔታ የተናገሩት ቃል ነው ወጣቱን ከመቀመጫው ያስነሣው፤ «መጥቅዕና አበቅቴ ሲደመሩ ዘወትር ሠላሳ ናቸው፤ ሠላሳ ካልሆኑልህ ተሳስተሃልና ተመለስ።» 18ና 12 ሠላሳ ናቸው።

ጓደኞቼ፣ ይህ በእኛ ሙያ ቴስት የምንለው ነው! ፕሮግራመር ሥራው ትክክል መሆኑን የሚፈትንበትን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አብሮ ይጽፋል፤ ወጣቱ ስለዚህ ነገር ብዙ ቪዲዮ አይቶ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ግን ጽፎት አያውቅም፤ ጥቅሙ አልታየውም ነበርና። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ሒሳቡን በቃል ሲያስተላልፉ መፈተኛውን ከሒሳቡ ጋር አስረው ነው ያስተላለፉት። ከዚያም የኔታ ስሌቱን ቀጠሉ፤ መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት ተጨማሪ ቍጥሩ፣ 7 ነው፣ 18ና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 25 ሆነ፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ፤ በ25ቱ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34 ይሆናል፣ ሠላሳው ሲገደፍ 4 ይቀራል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን ሆነ። ወጣቱ ያን ማታ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ይህን ሁሉ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፈው፤ ከጎኑም የኔታ በቃል የነገሩትን የዓመታቱን ውጤት እንደ መፈተኛ አኖረው። ሁለት ዓመት በቪዲዮ ያልገባው የቴስት ትምህርት በአንድ ሌሊት ገባው፤ የታመመው መሬት በእጁ ነበርና።

የመዝገቡ ነገር በዚህም አላለቀም። ዓለሙ የሚባል አንድ አባል ሳይከፍል እንደ ቀረ ተቈጥሮ መቀጫ ወጣበት፤ ሰውየው ግን ከፍሏል። ነገሩ ሲመረመር ጸሓፊው ሲመዘግቡት በ«ዓ» ጽፈውታል፣ ገንዘብ ያዡ ሲቀበሉት በ«አ» ጽፈውታል፤ ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ስም ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነውና፤ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ሥርዓት ሀ ቍጥሯ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610፤ እንዲሁ እያለ ይሄድና ለ 4616 ትሆናለች። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ስፍራ ተሰጥቶታል ማለት ነው፤ ከፊደሉ ቍጥር ላይ 4608ን ቀንሰን በስምንት ብንገድፈው የሚተርፈው ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያለ ቤቱን ይነግረናል። በሕፃንነታችን በስንደዶ እየጠቈምን የቈጠርነው የፊደል ገበታ በማሽኑ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል።

ወጣቱ የዐይኑን ረድፍ ወደ አልፋው ረድፍ፣ ሐመሩን ሐና ብዙኃኑን ኀ ወደ ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡን ሠ ወደ እሳቱ ሰ፣ ፀሐዩን ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ የሚመልስ ጥቂት መስመር ጻፈ። አልበቃም። «ዓ» 4819 ናት፣ ወደ አልፋው ረድፍ ስትመለስ 4771 ትሆናለች፣ እሷም «ኣ» ራብዕ ናት፤ ገንዘብ ያዡ የጻፉት «አ» ግን ግዕዝ ነው፣ 4768። በአልፋውና በዐይኑ ረድፎች ግዕዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውንም ለማሽኑ መንገር ያስፈልግ ነበር። ማሽኑ ይህን ሲያውቅ ዓለሙ አንድ ሰው ሆነ፤ መቀጫውም ተነሣለት።

ወጣቱ በደስታ ለየኔታ ሊነግር ሄደና ሌላ ተግሣጽ ተቀበለ። «ፊደሉን ሁሉ አንድ ታደርገዋለህ? በግዕዝ ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ ሰረቀ ግን ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ ፀሐይን ሌባ ልታደርጋት ነው?» አሉት። የተግሣጹ ፍሬ ዛሬ በፕሮግራሙ ውስጥ ይገኛል፤ ስም ሲፈለግ ፊደላቱ ይዛመዳሉ፣ የተጻፈው ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል። እኔ ብዙ የተማሩ መሐንዲሶች ሲስቱት ያየሁትን ይህን ጥንቃቄ አንድ መሪጌታ በአንድ ቃል አስተካከሉት።

ከዚህ ላይ ለአፍታ ቆሜ የቀደሙትን ልዘክር። የግዕዝ ፊደል በማሽን ላይ የተገኘው በራሱ አልመጣም። ኮምፒዩተር ገና ሳይታሰብ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ደክመዋል፤ በኋላም እነ ፍሥሐ አጥላው፣ እነ ዶክተር አበራ ሞላ፣ እነ አባስ ዓለምነህ፣ እነ ዳንኤል ያዕቆብ፣ ከአገር ርቀው እያሉ ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ እንዲጻፍ ሠርተዋል። እኔ ወጣት በነበርሁበት ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ ምስጢራዊ ቍጥር ነበረው፤ ሌሊቱን ሙሉ የጻፍሁትን በፍላሽ ይዤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ስከፍተው የፈረንጅ ነጠብጣብና ቅንፍ ሆኖ ሲታየኝ ያለቀስሁበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ፊደላችንን ካካተተ በኋላ ነው ያ መከራ ቀስ በቀስ የቀለለው። በዚያ እትም ውስጥ አማርኛ የማያውቃት፣ የአገው ልጆች ግን የሚያስፈልጓችሁ አንዲት ፊደል አለች። የቋንቋችሁ ስም አውጚ ተብሎ ሲጻፍ የመጨረሻዋ ፊደል ጚ ናት፤ ቍጥሯ 4890 ነው። 4608 ሲቀነስ 282 ይሆናል፣ በስምንት ሲገደፍ ሁለት ይተርፋል፤ ግዕዙ ዜሮ ነውና ሁለት ማለት ሣልስ ነው። በወጣቱ ስልክ የነበረው የአማርኛ መጻፊያ ይህችን ፊደል ስላላኖራት፣ ከመዝገቡ ላይ «አማርኛ» እና «አውጚ» የሚሉ ሁለት መምረጫዎች ሲያኖር በእጁ መጻፍ አቅቶት፣ በቍጥሯ ጠርቶ አመጣት።

አራተኛውን በአጭሩ ልናገር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከኢንተርኔት ጋር የተያያዘ እንጀራ የነበረው ሰው ምን ያህል እንደ ተጐዳ እኔ ከእናንተ ይበልጥ አላውቅም። ወጣታችን በዚያ ጊዜ ጊት የተባለውን መሣሪያ ተማረ፤ ከዚያ በፊት የሚያውቀው ጊትሃብን፣ ማለት ኢንተርኔት ላይ ያለውን ማከማቻ ብቻ ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጂ የሥራውን ታሪክ ከመጀመሪያው ለውጥ እስከ መጨረሻው ሙሉውን ይይዛል። በሌላ ስፍራ በጦርነት ሲቃጠሉ ቅጂያቸው በጣና ደሴቶች ገዳማት ስለ ተገኘ የዳኑትን መጻሕፍት አስቡ፤ ነገሩ ያው ነው። ወጣቱ ሥራውን በፍላሽ እየገለበጠ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ መንገደኛ ይሰጥ ነበር፤ አብሮት የሚሠራው ጓደኛውም ከዚያ የራሱን ለውጥ አዋሕዶ በሌላ መንገደኛ ይመልስለት ነበር። ከሁለቱ የማን ለውጥ እንደሚቀድም፣ የት እንደ ተጋጩ፣ እንዴት እንደሚታረቁ የተማረው በዚያ ፍላሽ ነው።

የመጨረሻው ነገሬ፣ እናንተም ልትጠይቁኝ የተዘጋጃችሁበት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በጽሑፍ ጠይቀውት ኮድ የሚጽፍ መሣሪያ በየሰው ስልክ ገብቷል፤ ወጣቶችም «እንግዲህ መማራችን ለምን?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ጥያቄያቸውም የሚናቅ አይደለም፤ የእንጀራ ጥያቄ ነውና። ወጣታችን ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን ስለ ዘመን አቈጣጠራችን ጠየቀው፤ በፍጥነት፣ በሚያምር አጻጻፍ፣ ጳጉሜን በየዓመቱ አምስት ቀን ብቻ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈለት። የኔታን ያልጠየቀ ሰው ቢሆን ይቀበለው ነበር፤ እሱ ግን የ2015ን ቴስት አስነሣበትና ስሕተቱ ወዲያው ተያዘ። እንዲህም ሆኖ መሣሪያውን አልጣለውም፤ ሌሊት የጻፈውን እያሳየ «ምን ይታረማል?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ አንዳንዱን እርማት ይቀበላል፣ አንዳንዱን ይጥላል። የነገራ ጓደኛ አደረገው ማለት ነው። ቅኔውን ራሱ ይቈጥራል። እኔ በዚህ ጉዳይ ያለኝ ፍርድ ቍርጥ ያለ ነው፤ የሌላውን ቅኔ በቃሉ ይዞ በጉባኤ የሚያቀርብ ተማሪ ለአንድ ቀን ይመሰገን ይሆናል፣ መምህሩ «ምሥጢሩ ምንድን ነው?» ያሉት ቀን ግን የሚመልሰው የለውም፤ የፕሮግራመርም ጉባኤ ያ ጳጉሜ 3፣ ዝናብ እየዘነበ ሰው በበር ቆሞ የሚጠብቅበት ቀን ነው።

ባለፈው ጳጉሜ አጎትየው ዘንድ ሄጄ ነበር። መዝገቡን ከፍተው «13» ብለው ሲያስገቡ ማሽኑ ያለ አንዳች ክርክር ተቀበላቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ቀጣዩን ከፋይ ጠሩ። ወጣቱ ከጎናቸው ተቀምጦ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ያንን መዝገብ የአባላቱን ስም አውጥቶ ባዶውን ቅጂ ሰጥቶኛል፤ ላፕቶፑ እነሆ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስማችሁን በፈለጋችሁት «አ» አስገቡት፤ የአውጚ ስም ያላችሁም ጻፉት፤ ከዚያ በየስልካችሁ ክፈቱትና ጚ በማን ስልክ ላይ ባዶ ሣጥን ሆና እንደምትታይ ንገሩኝ፤ የስልኩን ዓይነት እመዘግባለሁ፣ ዛሬ ማታም ዝርዝሩን ለወጣቱ አደርስለታለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፤ መብራቱ ሳይሄድ እንጀምር።